“ዜጋ መሆን ከማይችል” እስከ “ቋሚ መኖሪያው በዚያ የሆነ”፦ የውጭ ዜጎችን የመሬት ባለቤትነት የሚገድቡ የአሜሪካ ግዛቶች ሕጎችና የክልከላ ቃላታቸው

አኅጽሮተ ጥናት

በአሜሪካ የውጭ አገር ዜጋ መሬት በስሙ መያዝ መቻል አለመቻሉን በዋናነት የሚወስነው የየግዛቱ ሕግ ነው። ይህ ጽሑፍ እነዚህ ሕጎች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 2025 ያለፉባቸውን ሦስት ምዕራፎች ይመረምራል። የትኩረቱ ማዕከል ክልከላው ራሱ ሳይሆን ክልከላውን የሚሸከመው ቃል ነው፤ ይኸውም በመጀመሪያው ምዕራፍ “ነዋሪ ያልሆነ”፣ በሁለተኛው “ዜጋ መሆን የማይችል”፣ በሦስተኛው ደግሞ “ቋሚ መኖሪያው በአሳሳቢ አገር የሆነ” የሚለው ነው። የ1913 እና የ1920 የካሊፎርኒያ ሕጎች፣ በ1948 በኦያማ ጉዳይ የተሰጠው ፍርድ እንዲሁም የ2023 የፍሎሪዳ ሕግ በተለይ ታይተዋል። ጽሑፉ እንዲህ ያለ ሕግ በቃሉ ገለልተኛነት ብቻ ሊመዘን እንደማይገባ፣ ይልቁንም የመስመሩን መሠረት፣ የተከለከለው ሰው መስመሩን የመሻገር ዕድሉንና ሸክሙ በሦስተኛ ወገኖች ላይ የሚያርፍበትን መጠን በሚመለከቱ ሦስት ጥያቄዎች ሊፈተን እንደሚገባ ይከራከራል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት “ዓ.ም.” ከተባለባቸው በስተቀር እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ የመሬት ባለቤትነት፣ የውጭ ዜጋ፣ የሕግ እኩል ጥበቃ፣ የግዛት ሕግ፣ ካሊፎርኒያ፣ ፍሎሪዳ

1. መግቢያ

በ1934 በካሊፎርኒያ ሳንዲያጎ አውራጃ ስድስት ኤከር የእርሻ መሬት ተገዛ። ዋጋውን የከፈለው ካጂሮ ኦያማ የተባለ ጃፓናዊ ገበሬ ሲሆን የባለቤትነት ሰነዱ የተጻፈው በስድስት ዓመት ልጁ በፍሬድ ስም ነበር። አባትየው በግዛቱ ሕግ የእርሻ መሬት መያዝ አይችልም፤ ልጁ ግን በአሜሪካ ምድር በመወለዱ የአገሪቱ ዜጋ ነው። በ1937 ከዚሁ አጠገብ ሁለት ኤከር ተጨመረ። በ1942 ቤተሰቡ በጦርነቱ ምክንያት እንደ ሌሎቹ የጃፓን ተወላጆች ሁሉ ከአካባቢው እንዲነሣ ተደረገ። በ1944፣ ባለመሬቶቹ ወደ ቀያቸው መመለስ ባልተፈቀደላቸው ጊዜ፣ የካሊፎርኒያ ግዛት መሬቱ በማታለል የተያዘ ስለሆነ ለመንግሥት ይወረስ ሲል ክስ አቀረበ።

ይህ ጉዳይ በአሜሪካ የመሬት ሕግ ታሪክ ውስጥ መታጠፊያ ሆኖ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ፋይዳው የታሪክ ብቻ አይደለም። ከ2021 ወዲህ በርካታ ግዛቶች የአንዳንድ አገሮች ዜጎችና ኩባንያዎች መሬት እንዳይገዙ የሚከለክሉ አዳዲስ ሕጎችን አውጥተዋል። የአዲሶቹ ሕጎች ደጋፊዎች ዓላማው ብሔራዊ ደኅንነት እንጂ ዘር አይደለም ይላሉ፤ ተቃዋሚዎች በበኩላቸው አሮጌው ሕግ በአዲስ ልብስ ተመልሷል ባዮች ናቸው። ሁለቱም ወገኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚከራከሩት ስለ ሕግ አውጪው ሐሳብ ነው። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ግን ሐሳብን ከመመርመር በፊት ቃሉን መመርመር ይጠቅማል የሚል ነው። ሕግ ሰውን የሚያገልለው በቃል ነውና የተመረጠው ቃል ማንን ወደ ውስጥ እንደሚያስገባ፣ ማንን በውጭ እንደሚያስቀር መለየት ይቻላል።

2. የሥልጣኑ ምንጭ

የአሜሪካ ግዛቶች በዚህ ጉዳይ ያላቸው ሥልጣን መነሻው የእንግሊዝ ልማዳዊ ሕግ ነው። በዚያ ሕግ መሬት መያዝ ለንጉሡ ከሚሰጥ ታማኝነት ጋር የተሳሰረ ነበር። የባዕድ አገር ሰው መሬት በግዢ ሊቀበል ቢችልም ንጉሡ በፈለገ ጊዜ በሕግ ሥርዓት ሊወስድበት ይችል ነበር፤ በውርስ መቀበል ግን ፈጽሞ አይፈቀድለትም። ከነጻነት በኋላ የንጉሡን ቦታ ግዛቶቹ ወረሱ። የንብረት ሕግ በመሠረቱ የግዛቶች ጉዳይ ሆኖ በመቀጠሉም ማን መሬት ሊይዝ እንደሚችል የመወሰን መብት ከእነርሱ ዘንድ ቀረ።

ይህ ሥልጣን ግን ከጅምሩ ወሰን ነበረው። የፌዴራሉ መንግሥት ከሌላ አገር ጋር የሚፈርመው ስምምነት ከግዛት ሕግ በላይ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1880 በሃውንስታይን እና ሊንሃም ጉዳይ የቨርጂኒያ ሕግ ከስዊዘርላንድ ጋር ለተደረገው ስምምነት መገዛት አለበት ብሎ የስዊስ ወራሾችን መብት ጠብቋል። ስለዚህ የግዛት ክልከላ ምን ያህል እንደሚጸና የሚወሰነው በሁለት ነገሮች ነበር፤ አንደኛው የሕገ መንግሥቱ ገደብ፣ ሁለተኛው የተከለከለው ሰው አገር ከአሜሪካ ጋር ያደረገው ስምምነት ይዘት ነው።

3. የመጀመሪያው ምዕራፍ፦ በሩቅ ያለው ባለመሬት

በ1880ዎቹ በመካከለኛውና በምዕራቡ የአሜሪካ ክፍል የተነሣው ቅሬታ ያነጣጠረው በአውሮፓ ባለሀብቶች ላይ ነበር። የእንግሊዝና የስኮትላንድ የከብት እርባታ ኩባንያዎች ሰፋፊ መሬት ይዘው ነበር። አየርላንዳዊው ዊልያም ስካሊ ደግሞ በኢሊኖይ፣ በካንሳስ፣ በነብራስካና በሚዙሪ ከ200,000 ኤከር በላይ መሬት ይዞ ለጭሰኞች ያከራይ ነበር። የአካባቢው ገበሬ ያየው አደጋ ግልጽ ነበር፤ የሚያርሰው እዚህ፣ ኪራዩን የሚበላው ባሕር ማዶ። በ1887 ኮንግረሱ ገና ግዛት ባልሆኑት አካባቢዎች የውጭ ዜጎችን የመሬት ግዢ የሚገድብ ሕግ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ኢሊኖይና ዊስኮንሲን የየራሳቸውን ሕግ ደነገጉ። የዊስኮንሲን ሕግ በግዛቱም ሆነ በአገሪቱ ነዋሪ ያልሆነ የውጭ ዜጋ ከ640 ኤከር በላይ እንዳይዝ ይገድባል።

በዚህ ምዕራፍ ክልከላውን የተሸከመው ቃል “ነዋሪ ያልሆነ” የሚለው ነው። ቃሉ የሰውየውን ትውልድ ሳይሆን ከመሬቱ ጋር ያለውን ርቀት ይለካል። መጥቶ የተቀመጠ፣ ግብር የከፈለ፣ ከጎረቤቱ ጋር የኖረ ሰው ከክልከላው ይወጣል። የዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 በሌንዶርፍ ጄኔቫ እና ዋረን ጉዳይ ይህንኑ ሕግ ሲያጸና ግዛቱ በሩቅ ባለቤትነት የሚደርሰውን ጉዳት ለመቀነስ መሥራቱን ተቀባይነት ያለው ምክንያት አድርጎ ወስዶታል።

4. ሁለተኛው ምዕራፍ፦ “ዜጋ መሆን የማይችል”

4.1 የ1913 ሕግ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በካሊፎርኒያ የተነሣው ጥያቄ ከዚህ የተለየ ነበር። ጃፓናውያን ገበሬዎች በሩቅ የተቀመጡ ባለመሬቶች አልነበሩም፤ በቦታው የሚኖሩ፣ በእጃቸው የሚያርሱ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ለገበያ የሚያቀርቡ ሰዎች ነበሩ። “ነዋሪ ያልሆነ” የሚለው ቃል እነርሱን አይነካቸውም፤ ሌላ ቃል አስፈለገ።

ቃሉ የተገኘው ከፌዴራሉ የዜግነት ሕግ ነው። የ1790 ሕግ ዜግነት ማግኘትን “ነጻ ነጭ ሰዎች” ለሚላቸው ብቻ ፈቅዶ ነበር። በ1870 የአፍሪካ ተወላጆችና ዝርያዎቻቸው ተጨመሩ። ከሁለቱ ወገኖች ውጭ የቀሩት የእስያ ሰዎች ናቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1922 በኦዛዋ ጉዳይ ጃፓናዊው፣ በ1923 በቲንድ ጉዳይ ሕንዳዊው ዜጋ መሆን እንደማይችሉ ወሰነ። በመሆኑም በግዛት ሕግ ላይ “ዜጋ መሆን የማይችል የውጭ ሰው” ብሎ መጻፍ የእስያን ሕዝቦች በስም ሳይጠሩ ለይቶ ማውጣት ነበር። በዚህ ቀመር መሠረት በዚያ ዘመን ወደ ካሊፎርኒያ የሄደ ኢትዮጵያዊ በ1870ው ጭማሪ ምክንያት ከክልከላው ውጭ ይሆን ነበር፤ ጃፓናዊው ጎረቤቱ ግን ዕድሜውን ሙሉ ቢኖርም ከውስጥ ይቀራል። ቃሉ የሚለካው ባዕድነትን እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

ሕጉ በግዛቱ ምክር ቤት ሲቀርብ ጃፓን ተቃውሞዋን ገለጸች። ፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸውን ዊልያም ጄኒንግስ ብራያንን ወደ ሳክራሜንቶ ልከው ምክር ቤቱን ለማግባባት ቢሞክሩም አልተሳካም። አገረ ገዥው ሃይረም ጆንሰን በግንቦት 1913 ፈረሙበት። ሕጉ ዜጋ መሆን የሚችሉ የውጭ ሰዎች እንደ ዜጋ መሬት እንዲይዙ ይፈቅዳል፤ የማይችሉት ግን መያዝ የሚችሉት አገራቸው ከአሜሪካ ጋር ባላት ስምምነት ልክ ብቻ ነው። የ1911 የአሜሪካና የጃፓን ስምምነት ለመኖሪያና ለንግድ የሚሆን ቦታን እንጂ የእርሻ መሬትን አይጠቅስም ነበር። ሕግ አርቃቂዎቹ የተጠቀሙበት ክፍተት ይኸው ነው። የእርሻ መሬት እስከ ሦስት ዓመት መከራየት ብቻ ተፈቀደ።

4.2 ቤተሰቦች ያገኙት መንገድና የ1920 ሕግ

በአሜሪካ የተወለደ ልጅ በ14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መሠረት ዜጋ ስለሆነ ወላጆች መሬት በልጆቻቸው ስም መግዛት ጀመሩ። ጁኪቺ ሃራዳ በ1915 በሪቨርሳይድ ከተማ ቤት በሦስት ልጆቹ ስም ሲገዛ ግዛቱ ከሰሰው፤ ዳኛ ሂዩ ክሬግ በ1918 ልጆቹ ዜጎች በመሆናቸው ባለቤትነታቸው ሕጋዊ ነው ሲሉ ፈረዱ። ሌሎች ደግሞ በኩባንያ አክሲዮን ወይም በአጭር ኪራይ ተጠቀሙ።

የ1920 ሕግ እነዚህን መንገዶች አንድ በአንድ ለመዝጋት የተጻፈ ነው። በሕዝበ ውሳኔ በ668,483 ድምፅ ድጋፍና በ222,086 ተቃውሞ ጸደቀ። የእርሻ መሬት ኪራይን ከለከለ፤ የእርሻ መሬት የያዘ ኩባንያን አክሲዮን መግዛትን አገደ፤ ወላጅ መሬት ላለው ልጁ ሞግዚት እንዳይሆን ደነገገ። ከሁሉም በላይ ከባድ የሆነው ግን የማስረጃ ደንቡ ነበር። ዋጋውን የከፈለው ዜጋ መሆን የማይችል ሰው ሆኖ ሰነዱ በሌላ ሰው ስም ከተጻፈ ዝውውሩ ሕጉን ለማምለጥ እንደተደረገ የሕግ ግምት ይወሰዳል። በ1923 የተደረገው ማሻሻያ እኩል አራሽነትንም ከክልከላው ውስጥ አስገባ።

የሞግዚትነት ክልከላው ብዙ አልቆየም፤ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1922 በያኖ ጉዳይ አፈረሰው። ቀሪው ግን ጸና። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኅዳር 1923 በአራት ተከታታይ ፍርዶች የካሊፎርኒያንና የዋሽንግተን ግዛትን ሕጎች አጸደቀ። ዋነኛው በቴራስ እና ቶምፕሰን ጉዳይ በዳኛ ፒርስ በትለር የተጻፈው ፍርድ ነው። የፍርዱ አመክንዮ ሁለት ደረጃዎች አሉት። አንደኛ፣ ዜጋ መሆን የሚችለውንና የማይችለውን የለየው ኮንግረሱ ነው፤ ግዛቱ ያንኑ ልዩነት ቢከተል በዘፈቀደ ለየ አይባልም። ሁለተኛ፣ መሬት የሚይዙና የሚያርሱ ሰዎች ታማኝነት የግዛቱን ደኅንነት ይነካል፤ ዜጋ ያልሆነና ሊሆንም የማይችል ሰው ለግዛቱ ደኅንነት ያን ያህል ተቆርቋሪ ሊሆን አይችልም።

የሁለተኛው ደረጃ ክብነት ልብ ሊባል ይገባዋል። ሰውየው ታማኝነቱን በዜግነት እንዲያስመሰክር አይፈቀድለትም፤ ከዚያም ታማኝነቱን በዜግነት አላስመሰከረም ተብሎ ይከለከላል። በሩ የተዘጋው ከውስጥ ሆኖ ሳለ አልገባህም ተብሎ ይወቀሳል።

4.3 የኦያማ ፍርድ

ወደ ኦያማ ቤተሰብ ስንመለስ፣ ግዛቱ በ1944 የተመረኮዘው በ1920ው የሕግ ግምት ላይ ነበር። በችሎቱ የቀረበው ምስክር ቤተሰቡ ሲነሣ መሬቱን እንዲጠብቅ የተተወው አንድ ሰው ብቻ ነው። አባትየው የሞግዚትነት ዓመታዊ ሪፖርት አለማቅረቡም በልጁ ላይ እንደ ማስረጃ ተያዘ። የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤቶች መሬቱ እንዲወረስ ፈረዱ።

ጉዳዩ ወደ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ለኦያማ ቤተሰብ ከተከራከሩት ጠበቆች አንዱ በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ዲን አቺሰን ነበሩ። ፍርድ ቤቱ በጥር 1948 በስድስት ለሦስት ድምፅ የካሊፎርኒያን ውሳኔ ሻረ። ዋና ዳኛው ፍሬድ ቪንሰን የጻፉት ፍርድ ያተኮረው በአባት ላይ ሳይሆን በልጁ ላይ ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ አባት ዋጋውን ከፍሎ ንብረት በልጁ ስም ሲያደርግ እንደ ስጦታ ይቆጠራል። ፍሬድ ግን አባቱ ጃፓናዊ በመሆኑ ብቻ ይህ ግምት ተገልብጦበት ስጦታ መሆኑን የማስረዳት ሸክም ተጫነበት። ዜጋው ልጅ ከሌሎች ዜጋ ልጆች የተለየው በወላጆቹ የትውልድ አገር ምክንያት ነው፤ ይህም የሕግ እኩል ጥበቃን ይጥሳል።

ፍርዱ ስለ ሕጉ ጠቅላላ ሕጋዊነት አልወሰነም። ዳኞቹ ብላክ፣ ዳግላስ፣ መርፊና ረትሌጅ ግን በተለየ አስተያየታቸው ሕጉ በሙሉ ሊፈርስ ይገባ ነበር አሉ። ዳኛ መርፊ ካነሧቸው ማስረጃዎች አንዱ የሕጉ አርቃቂ የነበሩት የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ዩሊሲስ ዌብ በ1913 የሕጉ መሠረት የዘር አለመፈለግ መሆኑን በአደባባይ መናገራቸው ነው። ቃሉ ምን ያህል እንደጠበበም የጊዜው ሁኔታ ያሳያል። ኮንግረሱ በ1943 ለቻይናውያን፣ በ1946 ለሕንዶችና ለፊሊፒኖች የዜግነትን በር በመክፈቱ በ1948 “ዜጋ መሆን የማይችል” የሚለው ቃል በተግባር የሚነካው ከሞላ ጎደል ጃፓናውያንን ነበር።

የመጨረሻውን ምት የሰጠው የግዛቱ የራሱ ፍርድ ቤት ነው። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሚያዝያ 1952 በሴይ ፉጂ ጉዳይ በአራት ለሦስት ድምፅ ሕጉ 14ኛውን ማሻሻያ ይጥሳል ሲል ፈረደ። በዚያው ዓመት የወጣው የማካረን ዋልተር ሕግ ለዜግነት የነበረውን የዘር መስፈርት ሲያነሣ “ዜጋ መሆን የማይችል” የሚለው ቃል መሠረቱን አጣ። ካሊፎርኒያ በ1956 ሕጉን በሕዝበ ውሳኔ ሰረዘች። ዋሽንግተን በ1966፣ ፍሎሪዳ ደግሞ በሕገ መንግሥቷ የነበረውን ተመሳሳይ አንቀጽ በ2018 ሰረዙ። የ1923ቱ የቴራስ ፍርድ ግን በአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግልጽ አልተሻረም። ይህ ነጥብ ለሦስተኛው ምዕራፍ ወሳኝ ነው።

5. ሦስተኛው ምዕራፍ፦ “ቋሚ መኖሪያው በአሳሳቢ አገር የሆነ”

5.1 ዳራው

በ1970ዎቹ የውጭ ካፒታል ወደ እርሻ መሬት መግባቱ ስጋት ፈጥሮ ሚኒሶታ፣ ሚዙሪ፣ አዮዋና ሌሎች ግዛቶች አዳዲስ ገደቦችን ደነገጉ። ኮንግረሱ በ1978 ያወጣው ሕግ ግን ክልከላ ሳይሆን የማሳወቅ ግዴታ ነው፤ የእርሻ መሬት የገዛ የውጭ ሰው በ90 ቀናት ውስጥ ለግብርና መሥሪያ ቤቱ እንዲያስታውቅ ያዛል። ከዚህ መዝገብ እንደሚታየው በ2022 መጨረሻ በውጭ ሰዎች እጅ የነበረው የእርሻና የደን መሬት 43.4 ሚሊዮን ኤከር ገደማ፣ ማለትም በግል ከተያዘው የእርሻ መሬት 3.4 በመቶ ያህል ነበር። ከዚህ ውስጥ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው የካናዳውያን ሲሆን ከቻይና ጋር የተያያዘው 347,000 ኤከር ያህል፣ ማለትም ከጠቅላላው የውጭ ይዞታ ከአንድ በመቶ በታች ነው።

ክርክሩን ያቀጣጠለው የመሬቱ ብዛት ሳይሆን ቦታው ነው። ፉፌንግ የተባለው የቻይና ኩባንያ በሰሜን ዳኮታ ግራንድ ፎርክስ ከተማ አጠገብ የበቆሎ ማቀነባበሪያ ሊሠራበት 370 ኤከር መሬት ገዛ። ቦታው ከአየር ኃይል ጣቢያ 12 ማይል ያህል ይርቃል። የውጭ ኢንቨስትመንትን የሚመረምረው የፌዴራል ኮሚቴ ጉዳዩ ከሥልጣኑ ውጭ መሆኑን በ2022 መጨረሻ አሳወቀ። አየር ኃይሉ በጥር 2023 ፕሮጀክቱ ለብሔራዊ ደኅንነት ከባድ ስጋት ነው ብሎ ጻፈ፤ የከተማው ምክር ቤትም በየካቲት ፕሮጀክቱን አቆመ። ይህ ጉዳይ የሚያሳየው ስጋቱ ፈጠራ አለመሆኑንና የፌዴራሉ ቁጥጥር በእርግጥ ክፍተት የነበረው መሆኑን ነው። ክፍተቱም በዚያው ዓመት ግራንድ ፎርክስን ጨምሮ ስምንት ወታደራዊ ጣቢያዎች በኮሚቴው ዝርዝር ውስጥ በመጨመራቸው በከፊል ተደፍኗል።

5.2 የፍሎሪዳ ሕግ

ፍሎሪዳ የመረጠችው መንገድ ግን እያንዳንዱን ግዢ መመርመር ሳይሆን ጠቅላላ ክልከላ ነው። አገረ ገዥው ሮን ዴሳንቲስ በግንቦት 2023 የፈረሙት ሕግ ከሐምሌ ጀምሮ ጸና። ቻይናን፣ ሩሲያን፣ ኢራንን፣ ሰሜን ኮሪያን፣ ኩባን፣ ቬኔዝዌላንና ሶሪያን “አሳሳቢ አገሮች” ይላቸዋል። ቋሚ መኖሪያቸው በእነዚህ አገሮች የሆነና የአሜሪካ ዜግነትም ሆነ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች የእርሻ መሬት እንዳይገዙ፣ ከወታደራዊ ተቋማትና ከቁልፍ መሠረተ ልማቶች በ10 ማይል ክልል ውስጥም ንብረት እንዳይይዙ ይከለክላል። ለቻይና ግን የተለየ ክፍል አለው፤ ቋሚ መኖሪያው በቻይና የሆነ ሰው በግዛቱ ውስጥ ማናቸውንም የማይንቀሳቀስ ንብረት መግዛት አይችልም።

ልዩ ሁኔታው ጠባብ ነው። የቱሪስት ያልሆነ ሕጋዊ ቪዛ ያለው ወይም ጥገኝነት የተሰጠው ሰው ከሁለት ኤከር ያልበለጠ፣ ከወታደራዊ ተቋም ቢያንስ አምስት ማይል የራቀ አንድ መኖሪያ ቤት ሊገዛ ይችላል። የቻይናን ክልከላ የጣሰ ገዢ እስከ አምስት ዓመት እስራት በሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል ይጠየቃል፤ እያወቀ የሸጠለት ሰውም እስከ አንድ ዓመት ሊታሰር ይችላል። ቀድሞ ንብረት የያዙት እንዲመዘገቡ ተገደዋል፤ ገዢ ሁሉ ደግሞ የተከለከለ ሰው አለመሆኑን በመሐላ ማረጋገጥ አለበት።

በሕጉ ላይ በፍሎሪዳ የሚኖሩ ቻይናውያን ክስ አቀረቡ። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በ2023 ሕጉ የቤቶች ፍትሐዊ ሕግንና 14ኛውን ማሻሻያ ይጥሳል የሚል አስተያየት ለፍርድ ቤት አስገባ። የፌዴራሉ ዳኛ አለን ዊንሰር ግን በነሐሴ 2023 የእግድ ጥያቄውን ውድቅ አደረጉ፤ ከተመረኮዙባቸው ምንጮች መካከል ያልተሻረው የቴራስ ፍርድ ይገኝበታል። በየካቲት 2024 የ11ኛው ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሕጉ ከፌዴራሉ የኢንቨስትመንት ምርመራ ሕግ ጋር ሊጋጭ ይችላል በሚል ምክንያት ለሁለት ከሳሾች ብቻ ጊዜያዊ እግድ ሰጠ። ክርክሩ ከዚያም በኋላ ቀጥሏል። ሌሎች ግዛቶች ግን አልጠበቁም። አርካንሳስ በ2023 ሲንጀንታ የተባለው የዘር ኩባንያ ባለቤትነቱ የቻይና መንግሥት ድርጅት በመሆኑ 160 ኤከር መሬት እንዲሸጥ አዘዘች፤ ቴክሳስ ደግሞ ቻይናን፣ ኢራንን፣ ሰሜን ኮሪያንና ሩሲያን የሚመለከት ሕጓን ከመስከረም 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለች።

6. ትንተና፦ ሦስት ጥያቄዎች

ሦስቱን ምዕራፎች ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ሦስት የመለያ ጥያቄዎች ይወጣሉ።

የመጀመሪያው መስመሩ በምን ላይ ተመሠረተ የሚለው ነው። የዊስኮንሲን መስመር በርቀት፣ የካሊፎርኒያ መስመር በትውልድ ላይ ነበር። የፍሎሪዳ መስመር በቃሉ ሲታይ መኖሪያን የሚመለከት ይመስላል፤ “ቋሚ መኖሪያ” የሚለው የሕግ ፅንሰ ሐሳብ ግን ሰው የሚገኝበትን ስፍራ ብቻ ሳይሆን ለዘለቄታው ሊኖርበት ያሰበውን ቦታ ይመለከታል። በሥራ ቪዛ ለዓመታት በፍሎሪዳ የኖረ ሰው ቋሚ መኖሪያው የት ነው? መልሱ በልቡ ሐሳብና በቪዛው ዓይነት መካከል ይዋልላል። ስለዚህ ቃሉ ለገዢውም ለሻጩም እርግጠኛነት አይሰጥም፤ እርግጠኛነት በሌለበት ደግሞ ሻጭ የሚያየው የገዢውን ስምና ገጽታ ይሆናል። ገለልተኛው ቃል በገበያው ውስጥ ወደ ትውልድ መለኪያነት የሚንሸራተተው በዚህ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የተከለከለው ሰው መስመሩን ሊሻገር ይችላል ወይ የሚለው ነው። በዚህ ረገድ አዲሱና አሮጌው ሕግ አንድ አይደሉም፤ ይህንን መካድ ለክርክሩ አይበጅም። የ1913ቱ ጃፓናዊ ምንም ቢያደርግ ዜጋ መሆን አይችልም ነበር። የዛሬው ቻይናዊ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ካገኘ ከክልከላው ይወጣል። ነገር ግን ለፈቃዱ የሚጠበቀው ዓመት ብዛት በአመልካቹ የትውልድ አገር የሚለያይ ስለሆነና በሥራ በኩል ለሚያመለክቱ የቻይና ተወላጆች ወረፋው ረጅም በመሆኑ የመሻገሪያው በር ክፍት ቢሆንም ጠባብ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ሸክሙ በማን ላይ ያርፋል የሚለው ነው። የኦያማ ጉዳይ ዋና ትምህርት እዚህ ላይ ነው። የ1920 ሕግ የተጻፈው በአባቶች ላይ ነው፤ መሬቱን ሊያጣ የነበረው ግን ዜጋው ልጅ ነው። የፍሎሪዳም ሕግ ሻጩን በእስራት ስለሚያስፈራራ የመጠንቀቅ ሸክሙን ወደ ሻጩ፣ ወደ ደላላውና ወደ ባንኩ ያስተላልፋል። አደጋን መሸሽ የሚፈልግ ሻጭ ለማጣራት ከመድከም ይልቅ ባይሸጥ ይቀለዋል። በዚህ ጊዜ ተጎጂው ሕጉ የማይነካው፣ ግን የተከለከለውን የሚመስለው ዜጋ ነው።

የደኅንነት ስጋት ለሚነሣበት ቦታ የሚስማማው መሣሪያ ታዲያ የቱ ነው? የግራንድ ፎርክስ ጉዳይ የሚጠቁመው ገዢው ማን እንደሆነ፣ ገንዘቡ ከየት እንደመጣና ቦታው ለምን ጉዳይ እንደሚውል በየግዢው መመርመር እንደሚቻል ነው። እንዲህ ያለው ምርመራ የ370 ኤከሩን ፋብሪካና የአንድ መምህርን መኖሪያ ቤት ይለያል። ጠቅላላ ክልከላ ግን ሁለቱን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣል።

7. ለኢትዮጵያ ያለው አግባብነት

ንጽጽሩ ለኢትዮጵያ የሕግ ተመራማሪ እንግዳ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 390 የውጭ አገር ሰው በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን በመርሕ ደረጃ ይከለክላል። በቅን ልቦና ይዞ የተገኘ የውጭ ሰው ግን በስድስት ወር ውስጥ ለኢትዮጵያዊ እንዲያስተላልፍ አንቀጽ 391 ጊዜ ይሰጠዋል፤ በዚህ ረገድ ከካሊፎርኒያው የውርስ ድንጋጌ የተሻለ ርኅራኄ አለው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ በማድረጉ ጥያቄው ከመሬት ወደ ቤትና ወደ ይዞታ መብት ተሸጋግሯል።

ቃሉ የሚሸከመውን ክብደት በተመለከተ የኢትዮጵያ ልምድም ያስተምራል። ሌላ ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ስለሚያጣ በአንቀጽ 390 ዓይን ባዕድ ይሆናል። በአሜሪካ የሚኖረውና ያንኑ ዜግነት የተቀበለው ሰው በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ቤቱን እንደ ማንኛውም ዜጋ ሲገዛ፣ በትውልድ አገሩ ግን ቤት ለመያዝ ልዩ ሕግ አስፈልጎታል። አዋጅ ቁጥር 270/1994 “ትውልደ ኢትዮጵያዊ የውጭ ዜጋ” የሚል ምድብ ፈጥሮ ከእነዚህ ድንጋጌዎች ነጻ ያደረገው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ትውልድ የማግለያ ሳይሆን የመቀበያ መስፈርት ሆኗል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ ደግሞ ለሌሎችም የውጭ ዜጎች በገንዘብ መጠን ላይ የተመሠረተ በር ከፍቷል። አዲሱን አዋጅ የሚያስፈጽሙ መመሪያዎች በሚጻፉበት ጊዜ ከላይ የተነሡት ሦስት ጥያቄዎች፣ በተለይም ንብረት በቤተሰብ አባል ስም ሲያዝ የማስረዳት ሸክም በማን ላይ ይሁን የሚለው፣ አስቀድመው መልስ ሊያገኙ ይገባል።

8. መደምደሚያ

የአሜሪካ ግዛቶች የመሬት ክልከላ ሕጎች በ140 ዓመታት ገደማ ውስጥ ሦስት ጊዜ ቃላቸውን ለውጠዋል። ለውጡ የሚያሳየው በየዘመኑ የተፈራው ሰው መለየቱን ብቻ አይደለም፤ ክልከላው ከመኖሪያ ወደ ትውልድ፣ ከትውልድም ትውልድን ወደሚያስጠረጥር መኖሪያ መሸጋገሩንም ነው። የቴራስ ፍርድ ባለመሻሩ ዳኞች ዛሬም ወደ 1923 መመለስ ይችላሉ፤ የኦያማ ፍርድ በመኖሩ ደግሞ ዜጋው በወላጁ ወይም በመልኩ ምክንያት የሚሸከመውን ሸክም መጠየቅ ይችላሉ። የቀጣዩ ክርክር ውጤት ፍርድ ቤቶች ከሁለቱ የትኛውን መነሻ እንደሚያደርጉ ላይ ይመሠረታል። ግዛት መሬቱን የመጠበቅ መብት አለው። ይህንን መብት የሚያጸናው ግን ቃሉ ለዓይን ገለልተኛ መስሎ መታየቱ ሳይሆን የስድስት ዓመት ልጅን እርሻ ከመውረስ የሚያስቆም ጥንቃቄ በውስጡ መያዙ ነው።